አውሮፕላን ሲከሰከስ የሚነዛው መላምት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የአውሮፕላን አደጋ ዜና ከተሰማ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ከፒያሳ ካፌዎች እስከ ካዛንቺስ ቢሮዎች «ምክንያቱማ ታውቋል» የሚል ሰው አይጠፋም። አዲስ አበባ ላይ ይህ ወሬ ክብደት አለው። ቦሌ ቅርብ ነው፣ በየሰፈሩ አየር መንገድ የሚሠራ ሰው ወይም ዘመዱ አለ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ኢቲ 302 በረራ ቢሾፍቱ አቅራቢያ የተከሰከሰበት መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.ም ከማንም ልብ አልወጣም። ከታች ያሉት ከሚኒባስ ወንበር እስከ ቴሌግራም ግሩፕ በብዛት የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው። መገመት ነውር አይደለም፤ መርማሪም ሥራውን የሚጀምረው በግምት ነው። ልዩነቱ መርማሪው ስለ እያንዳንዱ ግምት ሁለት ነገር መጠየቁ ላይ ነው፦ ይህ እውነት ቢሆን ምን አሻራ ይተው ነበር? አሻራውስ መቼ ይታያል?

በመጀመሪያው ቀን በእርግጠኝነት የሚታወቀው ምንድን ነው?

ጥቂት ነገር ነው፦ የአውሮፕላኑ ዓይነትና የጅራት ቁጥር፣ የተሳፋሪው ብዛት፣ የተነሣበት ሰዓት፣ ግንኙነት የተቋረጠበት ሰዓት፣ የአየሩ ጠባይ፣ የወደቀበት ቦታ። በኢቲ 302 በረራ ላይ በመጀመሪያው ቀን የተነገሩት 149 ተሳፋሪና 8 የበረራ ሠራተኛ፣ በድምሩ 157 ሰው፣ ቦይንግ 737 ማክስ 8፣ ወደ ናይሮቢ የሚሄድ የሚሉት እስከ መጨረሻው አልተለወጡም።

በዚያው ቀን የተነገረ ሁሉ ግን እንዲህ አልጸናም። ረዳት አብራሪው «የ200 ሰዓት ልምድ ብቻ ነበረው» የሚለው ቁጥር ዓለምን ዞረ። ከ25 ቀን በኋላ የወጣው የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርት ያስቀመጠው 361 ጠቅላላ ሰዓት ሲሆን፣ ከዚያ ውስጥ 207ቱ በ737 ላይ የተበረረ ነው። የአንዱ አውሮፕላን ዓይነት ሰዓትና የዕድሜ ልክ ሰዓት ሲምታታ አንድ ሰው ከነበረው ልምድ ግማሽ ያህሉን ያጣል። እስካሁን «200» እያለ የሚከራከር ሰው ቢያጋጥምዎ አይገርምዎ።

ሰዓቱ ለምን በየዜናው ይለያያል? የሚደበቅ ነገር አለ?

የለም፤ የሚለያየው አቆጣጠሩ ነው። ሪፖርቶች የሚጻፉት በዩቲሲ፣ ማለትም ዓለም በጋራ በሚጠቀምበት መነሻ ሰዓት፣ ነው። አዲስ አበባ ከዩቲሲ በ3 ሰዓት ትቀድማለች፣ የእኛ የሰዓት አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጁ በ6 ይለያል። አቋራጩ ከዩቲሲው ላይ 3 መቀነስ ነው። ውጤቱ ዜሮ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ 12 ይጨምሩ፣ ከ12 ከበለጠ 12 ይቀንሱ። ሪፖርቱ 05:38 ተነሣ ሲል ከጠዋቱ 2:38 ማለት ነው፤ 05:44 ተከሰከሰ ሲል 2:44። አንዱ ጣቢያ 8:38፣ ሌላው 2:38፣ ሦስተኛው 5:38 ቢሉ ሦስቱም አልተሳሳቱም።

በፍላይትራዳር አየሁት፤ ከፍታው በዚህ ጊዜ ወደቀ ይላል። ይህ ማስረጃ አይደለም?

ማስረጃ ነው፤ ግን አነባበብ ይፈልጋል። ይህ የበረራ መከታተያ መተግበሪያ የሚያሳየው አውሮፕላኑ ራሱ በ1090 ሜጋኸርዝ የሚያሰራጨውን ቦታ፣ ከፍታና ፍጥነት ነው። መሬት ላይ ያለ ተቀባይ ሲሰማው ይመዘገባል፤ ካልሰማው መስመሩ ይቋረጣል። ሁለት ስህተት ይደጋገማል።

የመጀመሪያው የከፍታ ነው። ቁጥሩ ከመሬት ሳይሆን በአየር ግፊት ተለክቶ ከባሕር ወለል ግድም የሚቆጠር ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ያለ አየር ማረፊያ ነው፤ በጫማ ወደ 7,650። ስለዚህ መተግበሪያው 8,600 ጫማ ሲል አውሮፕላኑ ከማኮብኮቢያው በላይ 1,000 ጫማ ግድም ላይ ነው። ናይሮቢ ወይም ለንደን ሆኖ ቁጥሩን የሚያነብ ተንታኝ ይህን ከረሳ «ጥሩ ከፍታ ይዞ ነበር» ብሎ ይጀምርና ታሪኩ በሙሉ ይዛነፋል።

ሁለተኛው የመስመሩ መጨረሻ ነው። የኢቲ 302 የአደባባይ መስመር የተቆረጠው በረራው ከተነሣ ሦስት ደቂቃ ያህል ሲሆነው፣ 8,600 ጫማ ላይ ነው። «እዚያው ወደቀ» ያለው ሰው ብዙ ነበር። የበረራ መረጃ መቅጃው ሲነበብ አውሮፕላኑ ከ13,000 ጫማ በላይ ወጥቶ፣ ሌላ ሦስት ደቂቃ በርሮ ነው የወደቀው። የተቋረጠው የተቀባዩ መስማት ነው እንጂ በረራው አይደለም።

ያም ሆኖ ከዚያ አጭር መስመር ላይ አንድ እውነተኛ ፍንጭ ወጥቷል፤ የመውጣት ፍጥነቱ ከፍ ዝቅ እያለ አልረጋም ነበር።

የተላከልኝ ቪዲዮ የዚያ አደጋ መሆኑን እንዴት አውቃለሁ?

ስልክ ላይ በአምስት ደቂቃ የሚሠራ ነገር ነው። ቪዲዮውን አቁመው ጥርት ባለው ቦታ ላይ ስክሪንሾት ያንሱ፣ ምስሉን በጎግል ሌንስ ይፈልጉ። ከአደጋው በፊት ተለጥፎ ከተገኘ ነገሩ አልቋል። ካልተገኘ የጅራት ቁጥሩን ይፈልጉ። የዚያን ቀኑ አውሮፕላን ኢቲ-ኤቪጄ ነበር። ሞተሩንም ይቁጠሩ፤ 737 ሁለት ሞተር ነው ያለው፣ አራት ሞተር የሚታይበት «የቢሾፍቱ ቪዲዮ» ሲዞር ማየት ያስቃል ያሳዝናልም።

ከዚያ ጥላውን ይመልከቱ። መጋቢት ላይ ከጠዋቱ 2:44 ፀሐይ ገና በምሥራቅ በኩል ዝቅ ብላ ነው ያለችው፤ የሰው ጥላ ከቁመቱ ረዝሞ ወደ ምዕራብ ይዘረጋል። ጥላው እግር ሥር የተሰበሰበ ከሆነ ቪዲዮው የእኩለ ቀን ነው። ሰማዩም ይመሰክራል፤ ያን ቀን ጠዋት ጥርት ያለ ነበር፣ ዝናብ የሚያሳይ ምስል ሌላ ቦታ ነው የተነሣው።

ግን በዓይኑ ጭስ ያየ ገበሬ አለ። እሱ ይዋሻል?

አይዋሽም። የዓይን ምስክር ብዙ ጊዜ ያየውን ነው የሚናገረው፤ የሚሳሳተው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 3 ሰከንድ ግድም ይፈጅበታል። አምስት ኪሎ ሜትር ርቆ የቆመ ሰው ድምፁን የሚሰማው ነገሩ ከሆነ 15 ሰከንድ በኋላ ነው። ቀና ሲል የሚያየው ድምፁን ያመጣውን ሳይሆን ቀጥሎ የሆነውን ነው፤ አእምሮው ግን ሁለቱን አንድ ላይ ይሰፋቸዋል።

ለዚህ የሚጠቀሰው ትልቁ ምሳሌ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 17 ቀን 1996 ኒውዮርክ አጠገብ ባሕር ላይ የወደቀው የቲደብሊውኤ 800 በረራ ነው፤ 230 ሰው ሞቷል። ከተሰበሰቡት 736 የምስክር ቃሎች 258ቱ የብርሃን ጭረት አየን ይላሉ። «ሚሳይል ነው» የሚለው ወሬ የበቀለው ከዚህ ነው። አራት ዓመት በፈጀው ምርመራ የተደመደመው ግን የመሃል ክንፉ ነዳጅ ታንከር ውስጥ የነበረው ትነት መፈንዳቱ ነው። አፍንጫው መጀመሪያ ተገንጥሎ ሲወድቅ የቀረው አካል እየነደደ ለጥቂት ጊዜ በርሯል፤ ምስክሮቹ ያዩት ጭረት ከዚያ ጋር ይገጥማል። ያዩት ነገር ነበር። ሚሳይል አልነበረም።

በኢቲ 302 ላይም ለጋዜጠኞች ጭስና የሚንኳኳ ድምፅ ነበር ያሉ ነበሩ። መቅጃው የሚያሳየው ሞተሮቹ በመነሻ ጉልበታቸው፣ 94 በመቶ ግድም፣ ሲሠሩ መቆየታቸውን ነው። ፍጥነቱ መጨረሻ ላይ 500 ኖት ግድም ደርሷል (አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ነው)፤ የአውሮፕላኑ ወሰን 340 ነው። በዚያ ዝቅታ በዚያ ፍጥነት የሚያልፍ አውሮፕላን የሚያሰማው ድምፅ ቦሌ ሚካኤል ወይም ጎሮ ሆነን ከለመድነው ጋር አይገናኝም።

ቦምብ አለመሆኑ በምን ይታወቃል?

ስብርባሪው ይናገራል። መርማሪ ቦታው ላይ ሲደርስ ቀድሞ የሚፈልገው አራቱን ጫፎች ነው፦ አፍንጫ፣ ጅራት፣ የቀኝና የግራ ክንፍ ጫፍ። አራቱም አንድ ቦታ ከተገኙ አውሮፕላኑ ሙሉ ሆኖ ነው መሬት የመታው። አየር ላይ የፈነዳ ከሆነ ግን ቁርጥራጩ በኪሎ ሜትሮች ይዘራል፣ ቀላሉ ዕቃ ነፋስ ወደወሰደው ይሄዳል፣ ቀድሞ የተገነጠለውም ክፍል ከሌላው ቀድሞ መንገዱ ላይ ይገኛል።

ጊምቢቹ ወረዳ፣ ኤጄሬ አቅራቢያ እርሻ ላይ የተገኘው 28 ሜትር ስፋት፣ 40 ሜትር ርዝመት ያለው ጉድጓድ ነው። የመጨረሻው ቁራጭ የወጣው 10 ሜትር ያህል ተቆፍሮ ነው። ቴሌቪዥን ላይ ያየ ሰው «አውሮፕላኑ የታለ?» ብሎ ተገረመ፤ አካል አለመታየቱ ራሱ የፍንዳታ ምልክት መሰለው። ተቃራኒው ነው። እንዲህ ያለ ጉድጓድ የሚቆፈረው ሙሉ አካል በከፍተኛ ፍጥነት አፍንጫውን ደፍቶ ሲገባ ነው።

ከዚያ ጉድጓድ የወጣ አንድ ዕቃ ደግሞ ጉዳዩን ቀድሞ ፈትቶታል ማለት ይቻላል። በጅራቱ በኩል ያለውን አግድም ክንፍ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ረጅም ጥርስ ያለው ብሎን አለ፤ ጃክስክሩ ይሉታል። ብሎኑ አውሮፕላኑ ሲወድቅ የነበረበት ቦታ ላይ እንደቆመ ይቀራል። የተገኘው አፍንጫን ወደ ታች በሚደፍቅ አቀማመጥ ላይ ነበር።

ጥቁር ሳጥኑ ለምን ፈረንሳይ ተላከ? እዚህ ቢከፈት ምን ነበረበት?

የሚከፍተው ላቦራቶሪ ብዙ አገር የለም። ሳጥኑ (ቀለሙ ብርቱካናማ ነው) 1,100 ዲግሪ ሴልሲየስ እሳትን ለአንድ ሰዓት፣ 6,000 ሜትር የባሕር ጥልቀትን ለአንድ ወር እንዲችል ሆኖ ይሠራል። ነገር ግን መሬት ሲመታ የውጭ መሰኪያው ይጨፈለቃል፣ የማስታወሻ ካርዱ እንደ ቀዶ ሕክምና ተከፍቶ ነው የሚወጣው። አንድ ሽቦ በተሳሳተ መንገድ ከተገናኘ ቀረጻው ሊበላሽ ይችላል።

በኢቲ 302 ቀድሞ የተጠየቀችው ጀርመን ነበረች፤ ለአዲሱ አውሮፕላን መቅጃ የሚሆን ሶፍትዌር የለኝም ብላ መለሰች። ከዚያ ሳጥኖቹ የኢትዮጵያ መርማሪዎችን አስከትለው ፓሪስ ሄዱ። የፈረንሳዩ ምርመራ ቢሮ ድምፁን ቀድቶ ለኢትዮጵያ ቡድን እንዳስረከበና ራሱ እንዳላዳመጠው በይፋ ተናግሯል። ምርመራውን የሚመራው አደጋው የደረሰበት አገር ነው፤ ሕጉ የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት አባሪ 13 ይባላል። አውሮፕላኑን የሠራው አገር፣ የመዘገበው አገር፣ ያበረረው ድርጅት አገር ተወካይ ይልካሉ፤ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ግን ባለቦታው ነው።

የድምፅ ቅጂው ለሕዝብ ለምን አይለቀቅም ለሚለው፦ ያው አባሪ 13 ይከለክላል። የሰው የመጨረሻ ቃል ነው፣ አብራሪም ነገ ይወጣብኛል ብሎ ከፈራ ኮክፒት ውስጥ አፉን ይዘጋል። ቲክቶክ ላይ «የኮክፒት ድምፅ» ተብሎ የሚሰማው በአብዛኛው ከበረራ መቆጣጠሪያ ማማ ጋር የተደረገ የሬዲዮ ንግግር ነው፣ ካልሆነም ትወና።

መብረቅ፣ ወፍ፣ የቦሌ ከፍታ?

መብረቅ አውሮፕላንን ደጋግሞ ይመታል። ሐምሌና ነሐሴ አዲስ አበባ ላይ የሚያርፍ ሁሉ ያውቀዋል። ኤሌክትሪኩ በብረት ቆዳው ላይ ሄዶ ይወጣል። መብረቅ ነዳጅ አቀጣጥሎ አውሮፕላን ጥሏል ተብሎ የሚጠቀሰው የፓን አም 214 በረራ ነው፣ እ.ኤ.አ. 1963፣ 81 ሰው ሞቷል። ከዚያ በኋላ የታንከሮች አሠራር ተለውጧል።

የቦሌ አየር ቀጭን ነው፤ ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ግድም ይሳሳል። ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ መንደርደሪያው ይረዝማል፣ ጭነትም ይቀነሳል። ይህ ግን በየቀኑ በሠንጠረዥ የሚሰላ ነገር ነው፤ ብቻውን አውሮፕላን አይጥልም።

ወፍ ግን ይጥላል፤ እኛም አገር ጥሏል። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሣ ቦይንግ 737 ሁለቱም ሞተሮቹ ርግብ ዋጡበት። በሆዱ ለማረፍ ሲሞክር 35 ሰው ሞተ፣ የቀረው ተረፈ። የወፍ መላምት ጥሩ ጎኑ አሻራው ነው፦ ላባ፣ ደምና ሥጋ ሞተሩ ምላጮች መሃል ይቀራል፣ የወፉም ዝርያ ሳይቀር በምርመራ ይለያል።

ታዲያ የኢቲ 302 ምክንያት ታውቋል ወይስ አልታወቀም?

ዋናው ታውቋል፤ አንድ ጫፉ ላይ ግን አገሮች ተለያይተዋል። ነገሩን በሥርዓት እንየው።

በአፍንጫው ግራና ቀኝ አውሮፕላኑ ከሚመጣው ነፋስ ጋር ያለውን ማዕዘን የሚለኩ ሁለት ሴንሰሮች አሉ። እንደተነሣ የግራው 74.5 ዲግሪ፣ የቀኙ 15.3 ዲግሪ አሉ። የግራው ቁጥር እውነት ቢሆን አውሮፕላኑ አፍንጫው ወደ ሰማይ ተቀስሮ ነበር ማለት ነው። ኤምካስ የሚባለው ሶፍትዌር የሚያዳምጠው ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነበር፣ ያን ቀን የግራውን። «አፍንጫው ከመጠን በላይ ቀና ብሏል» ብሎ የጅራቱን አግድም ክንፍ አዞረና አፍንጫውን ደፈቀው፤ አብራሪዎቹ ሲያነሡት እንደገና ደፈቀው። የኤሌክትሪክ መቁረጫውን ተጠቅመው በእጅ መዘውር ለመመለስ ሞከሩ። ፍጥነቱ በበዛ መጠን ክንፉ ላይ የሚያርፈው ግፊት መዘውሩን ያከብደዋል፤ አልዞር አለ። መጨረሻ ላይ ኤሌክትሪኩ ተመልሶ መሥራቱ በመረጃው ላይ ይታያል፣ ኤምካስም ለመጨረሻ ጊዜ ደፈቀው። ከአምስት ወር በፊት ኢንዶኔዥያ ላይ 189 ሰው የገደለው የላየን ኤር አደጋ በዚያው መንገድ ነው የሄደው።

ክርክሩ ያለው «ሴንሰሩ ለምን ተሳሳተ?» ላይ ነው። ታኅሣሥ 14 ቀን 2015 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የመጨረሻ ሪፖርት ችግሩን ከፋብሪካ ከመጣ የኤሌክትሪክ ጉድለት ጋር ያያይዘዋል። የአሜሪካው መርማሪ ቦርድ ደግሞ ኤምካስ ላይ ተስማምቶ፣ የሴንሰሩ ምላስ በሆነ ነገር፣ ምናልባትም በወፍ፣ ተመትቶ ተገንጥሏል አለ። ፈረንሳዮቹም ወደዚያው አዘነበሉ፤ ሁለቱም ስለ ፍጥነቱና ስለ አብራሪዎቹ አያያዝ ሪፖርቱ በቂ አላለም ብለዋል። ከኢትዮጵያ በኩል የወፍ ቅሪት አልተገኘም የሚል መልስ አለ፤ ከወዲያ በኩል የተፈለገው ትክክለኛው ቦታ ላይ አይደለም የሚል።

ቡና ላይ ይህ ሁሉ «እነሱ ለቦይንግ፣ እኛ ለአየር መንገዳችን» ተብሎ ይታጠፋል። አገር ለራሱ ማድላቱ አይቀርም። ይሁን እንጂ ወፍም ይሁን ሽቦ፣ አንድ ሴንሰር ሲሳሳት አውሮፕላን የሚደፍቅ ሥርዓት የሠራው ማን እንደሆነ አይለወጥም። ማክስ 20 ወር ያህል ቆሞ ሲመለስ የተለወጠውም ይኸው ነው፤ ኤምካስ አሁን ሁለቱንም ሴንሰር ያነጻጽራል፣ ልዩነታቸው ከ5.5 ዲግሪ ከበለጠ አይሠራም፣ ቢሠራም አንዴ ብቻ ነው።

የቤይሩቱስ?

ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. በሌሊትና በማዕበል ከቤይሩት ወደ አዲስ አበባ የተነሣው ኢቲ 409 ባሕር ላይ ወድቆ 90 ሰው አልቋል። በዚህ ላይ መላምቱ እስከ ዛሬ አልረገበም። የእሳት ኳስ አየን ያሉ ምስክሮች ነበሩ፤ የሊባኖስ ፕሬዚዳንት ደግሞ በዚያው ዕለት የአሻጥር ምልክት የለም አሉ። ሳጥኖቹ ገና ባሕር ውስጥ ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን «አይደለም» ማለትም እንደ «ነው» ሁሉ ግምት ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው የሊባኖስ ሪፖርት ምክንያቱን አብራሪዎቹ ፍጥነት፣ ከፍታና አቅጣጫ መቆጣጠር ማጣታቸውና እርስ በርስ አለመደጋገፋቸው ነው ብሎ ደመደመ። አየር መንገዱ አልተቀበለውም፤ አየር ላይ ፍንዳታ ነበር ብሎ ተከራከረ። አንባቢ እዚህ ላይ ወገን ከመምረጡ በፊት የቀድሞውን ጥያቄ ይጠይቅ፦ ፍንዳታ ቢሆን ስብርባሪው ላይ ምን መታየት ነበረበት፣ ከባሕር የወጣውስ ምን ያህሉ ነው?

የማሌዥያው አውሮፕላን ተጠልፎ የሆነ ደሴት ላይ አርፏል የሚሉት?

ኤምኤች 370 እ.ኤ.አ. መጋቢት 8 ቀን 2014 ከ239 ሰው ጋር ጠፋ። አርፏል የሚለውን የሚያፈርሰው ባሕሩ ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2015 የክንፉ ቁራጭ ሬዩኒዮን ደሴት ላይ ወጣ፤ ሌሎች ቁርጥራጮች በሞዛምቢክ፣ በማዳጋስካርና በታንዛኒያ ዳርቻ ተገኙ። ሳተላይቱም ከአውሮፕላኑ ጋር እስከ ጠዋቱ 8:19 በማሌዥያ ሰዓት ምልክት ተለዋውጧል፤ ነዳጁ ሊያልቅ የሚችልበት ጊዜ ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 2017 መጀመሪያ የተፈተሸው የባሕር ወለል 120,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ቤኒሻንጉል ጉሙዝን ሁለት ጊዜ አጥፎ ይተርፋል፣ ያውም 4 ኪሎ ሜትር ግድም ውኃ ሥር። የማሌዥያ ሪፖርት ምክንያቱን መወሰን አልቻልኩም ብሎ በግልጽ ጽፏል። የት አካባቢ እንደወደቀ ይታወቃል፣ ለምን እንደዞረ አይታወቅም። ወሬ የሚያምታታው እነዚህን ሁለቱን ነው።

«አብራሪው ሆን ብሎ» የሚባለው መቼ ነው የሚታመነው?

ይህም አሻራ አለው። እ.ኤ.አ. 2015 የጀርመንዊንግስ አውሮፕላን የፈረንሳይ ተራራ ላይ 150 ሰው ይዞ ሲወድቅ የድምፅ መቅጃው በዕለቱ ስለተገኘ በሁለት ቀን ታወቀ። በሩ ከውስጥ ተቆልፏል፣ ካፕቴኑ ከውጭ ይደበድባል፣ አውቶፓይለቱ ላይ የተሞላው ከፍታ 100 ጫማ ነው።

በኤር ኢንዲያ 171 ግን ጠንቀቅ ማለት ይገባል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 12 ቀን 2025 ከአሕመዳባድ እንደተነሣ የወደቀው ቦይንግ 787 ላይ ቪዲዮውን ያየ ሁሉ «ፍላፑ (ለመነሣትና ለማረፍ የሚዘረጋው የክንፉ ክፍል) አልተዘረጋም» አለ። የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርቱ ፍላፑ በትክክለኛው 5 ዲግሪ ላይ እንደነበር አሳየ። ከዚያ ሪፖርቱ የሁለቱ ሞተሮች ነዳጅ ማብሪያዎች በአንድ ሰከንድ ልዩነት መዘጋታቸውን ጻፈ። አንዱ አብራሪ ለምን ዘጋህ ብሎ ሲጠይቅ ሌላው አልዘጋሁም ማለቱንም ጻፈ፤ የትኛው ማን እንደሆነ ግን አልተናገረም። ማኅበራዊ ሚዲያው ስሙን በዚያው ቀን ሞላው። ማብሪያው መንቀሳቀሱ እውነታ ነው፤ የማን እጅ፣ በምን ሐሳብ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው።

ግምት ትክክል ሆኖ ያውቃል?

አዎ። በኢቲ 302 ማግስት «ከላየን ኤር ጋር ይመሳሰላል» ያሉት ልክ ነበሩ። ኤር ፍራንስ 447 እ.ኤ.አ. 2009 አትላንቲክ ላይ ከ228 ሰው ጋር ሲወድቅ፣ አውሮፕላኑ ራሱ ከላካቸው 24 አውቶማቲክ መልእክቶች ፍጥነት የሚለካው የፒቶ ቱቦ በበረዶ መደፈኑ በቀናት ውስጥ ተገምቷል። ትክክል ነበር፤ ግን ግማሹ ነው። አብራሪው መሪውን ወደ ኋላ ስቦ እንደያዘና አውሮፕላኑ ክንፎቹ የማንሣት ጉልበት አጥተው መውደቁ የታወቀው ሳጥኖቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ከ3,900 ሜትር ግድም ጥልቀት ሲወጡ ነው። የሚሠራ ግምት ከመረጃ ተነሥቶ የሚፈተን ነገር ይተነብያል። «ትልልቆቹ ያውቃሉ፣ አይነግሩንም» የሚለው ምንም ቢገኝ አይፈርስም፤ ለዚህ ነው የማይረባው።

ሟቾች የሉበትም የሚባል የቀብር ሥነ ሥርዓት ነበር። ምንድን ነው?

መጋቢት 8 ቀን 2011 ዓ.ም. አራት ኪሎ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል 17 ባዶ ሣጥን ቀርቦ ነበር፤ ዘጠኝ ኢትዮጵያውያን ተሳፋሪዎችና ስምንት የበረራ ሠራተኞች። ቤተሰብ ከአደጋው ቦታ የተወሰደ አንድ አንድ ኪሎ የተቃጠለ አፈር ተሰጠው። ከላይ ያለውን ጉድጓድ ያነበበ ሰው ምክንያቱን ያውቀዋል፤ ቅሪቱ የሚለየው በዲኤንኤ ነው፣ ያ ደግሞ ወራት ይወስዳል። ይህን የመሰለ ቤት ባለበት ከተማ የተሳፋሪ ስም ዝርዝር ፎቶ ግሩፕ ላይ መለጠፍ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

ሪፖርቱ ሲወጣ ከየት ልጀምር?

በ30 ቀን የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርት ይጠበቃል። እሱ የሆነውን ይናገራል እንጂ ምክንያት አይወስንም። የመጨረሻው ከተቻለ በ12 ወር ይወጣል፤ ካልተቻለ በየሙት ዓመቱ የደረሰበትን ይገልጻል። በዓመቱ አለመውጣቱ ብቻውን የሴራ ምልክት አይደለም፤ ኢቲ 302 ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ ፈጅቷል።

የመጨረሻው ሪፖርት የትም አገር ቢጻፍ የክፍሎቹ ቁጥር በአብዛኛው አንድ ነው፤ 300 ገጽ ማንበብ አያስፈልግም። ወሬው ስለ አብራሪው ልምድ ከሆነ ክፍል 1.5ን ይክፈቱ። ስለ ጥገና ወይም ስለ አውሮፕላኑ ብልሽት ከሆነ 1.6ን፣ ስለ አየር ጠባይ 1.7ን፣ ከማማ ጋር ስለተባለው 1.9ን። ጥቁር ሳጥኑ 1.11 ላይ፣ ስብርባሪው 1.12 ላይ፣ እሳት 1.14 ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ክፍል 2 ትንተናው፣ ክፍል 3 መደምደሚያው ነው። ጋዜጣ የሚጠቅሰው ክፍል 3ን ብቻ ነው፤ ክርክር ያለበት ሰው ግን ከክፍል 1 ቁጥር ይዞ ይምጣ። መጨረሻ ላይ ያሉትን አባሪዎች አይዝለሉ። ሌሎች አገሮች በረቂቁ ላይ አስተያየት ለመስጠት 60 ቀን አላቸው፣ ያልተስማሙበትም የሚያያዘው እዚያ ነው።